ናቹራል ወይስ ሶሻል፦ በዐሥራ አንደኛ ክፍል ደጃፍ

መስቀል አልፎ የደመራው ዐመድ ከየአደባባዩ ሳይጠረግ፣ በሰሜን ሸዋ ካሉት ከተሞች በአንዲቱ፣ በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግቢ፣ ከባሕር ዛፉ ጥላ ሥር ጠረጴዛ ወጥቶ፣ በጠረጴዛውም ላይ ሰፊ መዝገብ ተዘርግቶ፣ አንድ መምህር ዐሥረኛን ክፍል ፈጽመው ወደ ዐሥራ አንደኛ የተሻገሩትን ልጆች በየተራ እየጠራ ይጽፋል። ለሁሉም የሚቀርበው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ «ናቹራል ወይስ ሶሻል?» የሚል። ከገጠር በማለዳ ተነሥተው ልጃቸውን አስከትለው የመጡ አንድ አባት ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ በትራቸውን ተመርኩዘው ከጠረጴዛው ፊት ቆሙና፣ «መምህር፣ ዶክተር የሚያደርገው የትኛው ነው?» ብለው ጠየቁ። «ናቹራሉ ነው፣ አባቴ» ሲላቸው፣ «እንግዲያው እሱ ላይ ይጻፉልኝ» አሉ። ስለ እርሷ ይህ ሁሉ ሲወሰን ልጅቱ ዐይኗን ከመዝገቡ አልነቀለችም፤ ወደደችም ጠላችም ማንም አልጠየቃትም።

ከእርሷ ቀጥሎ የቆመው ልጅ ግን ወላጅ አላስከተለም። ከሸሚዙ ኪስ የአንዲት ትንሽ ካቻቢቴ ጫፍ ብቅ ብሎ ይታያል። «ሶሻል ይጻፉኝ፣ ቲቸር» ብሎ ፈጥኖ መለሰ፤ መምህሩም ቀና ብሎ አየውና ዝም ብሎ ጻፈ። ኋላ ወደ ዳር ጠርቼ ስጠይቀው፣ ከትምህርት ሰዓት ውጭ በገበያው ዳር በሚገኝ የሞባይል ጥገና ቤት እንደሚሠራ፣ የቻርጀር ቀዳዳ የተነቀለበትን ስልክ ገላልጦ በጋለ ካውያ እንደሚበይድ፣ በሰፈሩም ሶላር የተበላሸበት ሰው ሁሉ እርሱን ፈልጎ እንደሚመጣ ነገረኝ። የአንዱ ሶላር ጉድለት ከባትሪው ይሁን ከሽቦው በምን እንደሚለይ ሲያስረዳኝም፣ በመጀመሪያ የትኛውን ጫፍ ከየትኛው እንደሚያገናኝ፣ መብራቱ ቢበራ ምን እንደሚያመለክት፣ ባይበራ ደግሞ ቀጥሎ ወዴት እንደሚሄድ፣ ቅደም ተከተሉን ሳያፋልስ በጣቱ መሬት ላይ እየሣለ አሳየኝ። እንዲህ ከሆነ ስለ ምን ሶሻልን እንደ መረጠ ብጠይቀው፣ «ፊዚክስና ማትስ አልችልም» አለኝ።

ይህን ልጅ ያነሣሁት ነገሩ የእርሱ ብቻ ስላልሆነ ነው። በአገራችን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ለሳይንስና ለቴክኖሎጂ ሙያ ያላቸው ዝንባሌ ምን ያህል ነው ተብሎ ሲጠየቅ፣ ብዙ ሰው ፈጥኖ የሚሰጠው መልስ «የዛሬ ልጅ ምን ፍላጎት አለው» የሚል ነው። እኔ ግን በየክፍሉ ተዘዋውሬ ካየሁትና ከመምህራኑ ከሰማሁት ተነሥቼ የምናገረው፣ ፍላጎቱ ከልጆቹ ልቡና እንዳልጠፋ፣ ነገር ግን እጅና ዐይን ተነፍጎ በስም ብቻ እንዲኖር እንደ ተፈረደበት ነው። ወደ አንድ የዘጠነኛ ክፍል ገብቶ «ስታድጉ ምን ትሆናላችሁ?» ብሎ የጠየቀ ሰው፣ ዶክተር፣ ኢንጂነር፣ ፓይለት የሚሉትን ሦስት ስሞች ደጋግሞ ይሰማል፤ በነዚህ ላይ ዛሬ ሶፍትዌር የምትለዋ አራተኛ ስም በስልክ በኩል ገብታ ተጨምራለች። እነዚህን ስሞች የሚጠሩት ልጆች ክፉ ምኞት አልተመኙም፤ ለእናታቸው ቤት መሥራትን፣ በሰው ፊት ተከብሮ መቆምን፣ ከድህነት መውጣትን ተመኙ እንጂ። ይሁን እንጂ የማዕርግን ስም መውደድና ሥራውን ራሱን መውደድ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ሁለተኛው የሚወለደው ነገሩን በእጅ ከመዳሰስና በዐይን ከማየት ነውና፣ ልጁ ያላየውን ሊወድድ አይቻለውም።

የምኞቱና የምርጫው መራራቅ በቁጥርም ይታያል። ፈተናው ከስርቆት እንዲጠበቅ ተብሎ ተማሪዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ገብተው በተፈተኑበት በ2014 ዓ.ም. የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና፣ በተፈጥሮ ሳይንስ የተቀመጡት ወደ 340 ሺህ ሲሆኑ፣ በማኅበራዊ ሳይንስ የተቀመጡት ወደ 557 ሺህ ነበሩ። በቃል ሲጠየቁ ሐኪምና መሐንዲስ እንሆናለን ከሚሉት ልጆች፣ መዝገቡ ፊት ሲደርስ ከግማሽ የሚበልጠው ወደ ሌላው ዓምድ ዞሯል ማለት ነው። ከሁለቱም ወገን ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኘው በጠቅላላው 3.3 በመቶ ብቻ ነበረ፤ ከተፈጥሮ ሳይንስ 6.8፣ ከማኅበራዊ ሳይንስ ደግሞ 1.3 በመቶ። ከ1,000 በላይ የሚሆኑ ትምህርት ቤቶችም አንድ ተማሪ እንኳ ሳያሳልፉ ቀሩ። በተከታዩ ዓመት 3.2፣ ቀጥሎም 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ፤ መሻሻል ነው፣ ነገር ግን ከመቶ ልጆች ከዘጠና የሚበልጡት አሁንም ከደጁ ውጭ ናቸው። እንግዲህ ሒሳብን ፈርቶ ወደ ሶሻል የሸሸው ልጅ ከፈራው ነገር አላመለጠም፤ ሒሳብ በዚያም በኩል ቆሞ ይጠብቀዋል፣ የማለፉም ዕድል ይበልጥ ጠብቦ ይቆየዋል። ይህን ለልጁ በወቅቱ የሚነግረው ሰው አለመኖሩ ያሳዝናል።

በዚሁ ትምህርት ቤት፣ ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ፣ በቆርቆሮ በር የተዘጋ አንድ ቤት አለ፤ በበሩም ላይ «ቤተ ሙከራ» የሚል ጽሑፍ በቀለም ተጽፏል። የባዮሎጂው መምህር ቁልፉን ከርእሰ መምህሩ ዘንድ አምጥቶ ከፈተልኝ። በውስጡ በላስቲክ ተሸፍነው ከነካርቶናቸው የተቀመጡ ብልቃጦች፣ ስማቸው ከወረቀቱ ላይ የደበዘዘ ኬሚካሎች፣ ውሃ የማይወርድበት ቧንቧ፣ ከጥግም ሦስት ማይክሮስኮፖች ነበሩ። ከሦስቱ የአንዱ መስታወት ተሰብሯል፣ ሁለቱ ግን ደኅና ናቸው። ስለ ምን እንደማይከፈት ብጠይቀው መምህሩ ምክንያቱን አንድ በአንድ ዘረዘረልኝ፤ ቤተ ሙከራውን የሚያሰናዳ ባለሙያ የለም፤ በአንድ ክፍል ያሉት ተማሪዎች ከስድሳ ይበልጣሉ፤ ብሔራዊው ፈተና መልስ ከመምረጥ በቀር ልጁ በእጁ ምን መሥራት እንደሚችል አይጠይቅም፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዕቃው በፊርማ የተረከበው የአንድ ሰው ዕዳ ነውና፣ ብልቃጥ ሲሰበር ተጠያቂው እርሱ ይሆናል። «ብከፍተው ማንም አያመሰግነኝም፤ ቢሰበርብኝ ግን እከፍላለሁ» አለ። ይህን ከሰማሁ በኋላ በመምህሩ ላይ ለመፍረድ አልደፈርሁም።

ይሁንና በዚያን ዕለት፣ ከምሳ ሰዓት በኋላ፣ በራሱ ፈቃድ አንዱን ማይክሮስኮፕ አውጥቶ ብርሃን በሚገባበት መስኮት አጠገብ አስቀመጠው። መብራት ስላልነበረ የታችኛውን መስታወት ወደ ሰማዩ አዙሮ ብርሃኑን አጠመደ። ከተማሪዎቹ አንዷ ከቤቷ ያመጣችውን ቀይ ሽንኩርት ሰንጥቆ፣ ከውስጠኛው ገጽ ከትንፋሽ የሚሳሳውን ልባስ በመቆንጠጫ ላጠና በመስታወቱ ላይ አነጠፈው፤ አንድ ጠብታ አዮዲን ጨመረበት፣ በሌላ ስስ መስታወትም ቀስ ብሎ ከደነው። ልጆቹ ተሰለፉ። የመጀመሪያው አየና «ምንም የለም» አለ፤ መምህሩ መዘውሩን በጥቂቱ እንዲያዞር ነገረው፣ አዞረም፣ ዝምም አለ። ቀጥላ ያየችው ልጅ ግን ዐይኗን ሳታነሣ፣ «ቲቸር፣ እንደ ግንብ ተደርድሯል እኮ!» ብላ ጮኸች። ስለ ሴል ከዘጠነኛ ክፍል ጀምራ ተምራለች፤ ሥዕሉን በደብተሯ ሥላለች፤ የክፍሎቹንም ስም በእንግሊዝኛ ቃል በቃል አጥንታለች፤ ነገር ግን ሴል በውነት ያለ ነገር መሆኑን ያመነችው በዚያች ቅጽበት ይመስለኛል። ሰልፉ እስከ በሩ ደርሶ ነበር፤ ደወል ሲደወል ግማሾቹ ሳያዩ ቀሩ፣ ከቀሩትም መካከል «ነገስ ይከፈታል?» ብለው የጠየቁ ነበሩ።

ከቤተ ሙከራው ቀጥሎ የቋንቋው ነገር ይመጣል። ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ በብዙ ሥፍራ ልጆች የመጀመሪያውን ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ተምረው፣ ዘጠነኛ ክፍል ሲደርሱ የሳይንሱና የሒሳቡ ትምህርት ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ እንግሊዝኛ ይዞርባቸዋል። በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማር ማስተዋልን እንደሚያሰፋ የታወቀ ነውና መነሻው መልካም ነው፤ ችግሩ በሁለቱ መካከል ድልድይ አለመሠራቱ ነው። በ1997 ዓ.ም. ገደማ በየክፍሉ ፕላዝማ ቴሌቪዥን ተተክሎ ትምህርቱ በሳተላይት ሲመጣ፣ ከሩቅ አገር የተቀረጸው መምህር በፍጥነት ይናገር ነበረ፤ ልጁ ጥያቄውን አንብቦ ሳይጨርስ መልሱ ተሰጥቶ ያልፍ ነበረ፤ በክፍሉ ለቆመው መምህርም የቀረችለት ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበረች። ከዚያ ዘመን የወረስነው አንድ ክፉ ልማድ አለ፤ ይኸውም ቋንቋው ያልገባው ልጅ ሒሳቡ ያልገባው ሆኖ መቈጠሩ፣ ልጁም ራሱን በዚያው መፍረጁ ነው። ባለ ካቻቢቴው ልጅ «አልችልም» ያለው ፊዚክስ በመጽሐፉ ያለው ነው፤ በገበያው ዳር በየቀኑ የሚሠራው ሌላው ፊዚክስ ግን ስሙን የነገረው ሰው የለም።

የሚያውቀውን ስም ያልተነገረው እርሱ ብቻ አይደለም፤ በዚያው ትምህርት ቤት አንድ ሌላ ተማሪ አገኘሁ፤ ወደ ዘመናዊው ትምህርት ከመግባቱ በፊት በአብነት ትምህርት ቤት ቆይቶ፣ ዳዊት ደግሞ፣ ዜማ ጀምሮ፣ ዘመን የሚቀመርበትን ባሕረ ሐሳብንም ከመምህሩ ተቀብሏል። የሒሳቡ መምህር ይህን ሰምቶ ኖሮ ጠመኔ ሰጠውና የ2018ን ዘመን አበቅቴና መጥቅዕ በሰሌዳው ላይ እንዲያወጣ አዘዘው። ልጁም 5500 ላይ 2018 ደምሮ 7518 አለ፤ ያንን በ19 ገድፎ 13 አስቀረ፤ አንዱን ለዘመኑ ትቶ ወንበሩን 12 አደረገ፤ 12ን በ11 አባዝቶ 132፣ በ30 ገድፎ አበቅቴውን 12 አወጣ፤ ዳግመኛም 12ን በ19 አባዝቶ 228፣ በ30 ገድፎ መጥቅዑን 18 አወጣ፤ በመጨረሻም ሁለቱን ደምሮ 30 መሆናቸውን አሳየ፣ ሁልጊዜም ሠላሳ መሆን አለባቸውና። መምህሩ ወደ ክፍሉ ዞሮ፣ 11 እና 19 ተደምረው 30 ስለሆኑ ውጤቱ ሌላ ሊሆን እንደማይችል አስረዳና፣ «ቁጥርን እየገደፉ የቀረውን መያዝ ኮምፒዩተር ሳይቀር የሚሠራበት ሒሳብ ነው» አለ። ልጁ ግን ከሁሉ ይበልጥ ተገርሞ ቆመ፤ በአንዱ ቤት የተማረው ለሌላው ቤት የሚያገለግል መሆኑን እስከዚያ ሰዓት አልጠረጠረም ነበርና። አባቶቻችን ዘመንን ሲቀምሩ ሠርተው ያቆዩልንን ይህን የቍጥር ጥበብ ከሒሳብ ክፍል ደጅ ውጭ ማቆየታችን ለእኔ ትልቅ ብክነት ነው።

የቅርቡን ነገር አይቶ ሩቅ መድረስ በአገራችን ሊቃውንት ሕይወትም የታየ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. የቢልሃርዝያን በሽታ ለመመርመር ወደ ዓድዋ በሄደ ጊዜ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ በወንዙ ውስጥ በሽታውን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። እንዶድን ከእርሱ በፊት ያላየ ኢትዮጵያዊ አልነበረም፤ የአጣቢዎቹን ሥራና የቀንድ አውጣዎቹን ሞት አገናኝቶ የጠየቀው ግን እርሱ ሆነ፤ ከዚያች ጥያቄ የተነሣው ምርምርም ከባልደረባው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኘላቸው። ከወለንኮሚ ተነሥቶ ለትምህርት 20 ኪሎ ሜትር በእግሩ ይጓዝ የነበረው ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ፣ ከጅማ የእርሻ ትምህርት ቤትና ከአለማያ ኮሌጅ አልፎ፣ አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማስገኘቱ በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብሏል፤ አቀንጭራም የገበሬው ልጅ ሁሉ በማሳው የሚነቅለው አረም ነው። እንደሚነገረው እርሱ በልጅነቱ ያሰበው ምሕንድስናን ነበረ፤ ወደ እርሻው የመለሰችው እናቱ ናት። በፍኖተ ሰላም የተወለደችው ዶክተር ሰገነት ቀለሙም ከአካባቢዋ ሴቶች ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ዲግሪ በመቀበል የመጀመሪያዋ ስትሆን፣ ተክልን በሚጎዱና በሚጠቅሙ ረቂቅ ተሕዋስያን ላይ ባደረገችው ምርምር በ2014 እ.ኤ.አ. የሎሪያልና የዩኔስኮ የሴቶች የሳይንስ ሽልማት ተሰጥቷታል። የእነዚህን ሊቃውንት ስም በየክፍሉ ጠርቼ «ታውቋቸዋላችሁ?» ብዬ ስጠይቅ እጁን ያነሣው ጥቂት ነው፤ ከውጭ አገር የቴክኖሎጂ ባለጸጎች ግን ያልታወቀ የለም።

ነገር ግን ሁሉንም በቤተ ሙከራውና በቋንቋው ላይ ማሳበብ እውነቱን ማጉደል ይሆናል፤ ልጆቹ ዐይን አላቸውና ከፊታቸው ያለውን ያያሉ። መንግሥት በ2001 ዓ.ም. አካባቢ ወደ ዩኒቨርሲቲ ከሚገቡት ከመቶ 70ው በሳይንስና በቴክኖሎጂ፣ 30ው በማኅበራዊ ሳይንስ እንዲመደቡ በወሰነ ጊዜ፣ ፋብሪካውና የምርምር ተቋሙ ግን በዚያው ልክ አልተስፋፋምና፣ ብዙ ወጣት መሐንዲሶች ዲግሪያቸውን ይዘው ያለ ሥራ ቀሩ። ዛሬ ዐሥራ አንደኛ ክፍል ያለችው ልጅ ታላቅ ወንድሟ በሲቪል ምሕንድስና ተመርቆ ባጃጅ ሲያሽከረክር ታያለች፤ የፊዚክስ መምህሯም በወር መጨረሻ የቤት ኪራይ ሲያስጨንቀው ትሰማለች። መምህሩ ራሱ ፊዚክስን ወዶ ሳይሆን ነጥቡ ለሕክምናና ለምሕንድስና ስላልበቃው ተመድቦ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ እንደዚህ ያለውን መምህር በአንዱ ክፍል አግኝቼ፣ ደክሞት ሳለ እንኳ ለልጆቹ የሚራራ ሆኖ አይቼዋለሁ። በእንዲህ ያለ ሁኔታ ውስጥ ልጅቱ ሳይንስን ብትሸሽ ስንፍና አይደለም፤ ያየችውን አመዛዝና ያደረገችው ነው። ሴት ልጅ ደግሞ ውሃ ቀድታ፣ እንጀራ ጋግራ፣ ታናናሾቿን አስተኝታ ከመጽሐፉ ፊት የምትቀመጠው ወንድሟ አጥንቶ ከጨረሰ በኋላ ነውና፣ ሸክሟ በእጥፍ ይከብዳል።

ደጁ የተከፈተባቸው ሥፍራዎች ደግሞ አሉ፤ እነርሱን አለመጥቀስ በደል ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍ ባለው በእንጦጦ ተራራ የመስታወታቸው ስፋት አንዳንድ ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች ቆመዋል፤ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ምድር የተወነጨፈችው፣ ወደ 70 ኪሎ ግራም የምትመዝነው የመጀመሪያይቱ የኢትዮጵያ ሳተላይት ትልከው የነበረውን የመሬት ምስል የተቀበለውም በዚያው ተራራ ላይ ያለው ጣቢያ ነው። የአዲስ አበባና የአዳማ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች በየራሳቸው ፈተና ተማሪ ይቀበላሉ። ከዚህም ሌላ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ የተቋቋሙ የሳይንስ ማዕከሎች በአካባቢያቸው ያሉትን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በክረምትና በቅዳሜ ተቀብለው ኤሌክትሮኒክስና ኮምፒዩተር ያስተምራሉ፤ ከአንዱ ማዕከል የተመለሱ ተማሪዎች ለመስኖ የሚሆን የእርጥበት መለኪያ ከርካሽ ዕቃ ሠርተው ያሳዩኝ ጊዜ፣ ስለ ሠሩት ነገር ሲናገሩ ከመካከላቸው «መሆን የምፈልገው» ብሎ የጀመረ አልነበረም፤ የሚያወሩት ሽቦው ስለሚዝግበት ምክንያትና ዝገቱን ስለሚያስቀረው መላ ነበረ። ወደ እነዚህ ማዕከሎች የሚደርሰው ግን ከተማው ዩኒቨርሲቲ ያለበት ልጅ ነው፤ ከወረዳው እስከ ዩኒቨርሲቲው የመኪና መሳፈሪያ የሌለው ደጁ መከፈቱን እንኳ አይሰማም።

ስለዚህ የምለው ከሩቅ የሚመጣ ነገር አይደለም። በእያንዳንዱ ትምህርት ቤት ያለው ቤተ ሙከራ ከሳምንቱ በአንድ ግማሽ ቀን፣ ቅዳሜም ቢሆን፣ ይከፈት፤ የከፈተውም መምህር የትርፍ ሰዓቱ ይታሰብለት። ለሽንኩርቱ ልባስ የሚበቃ አዮዲን፣ ለማግኔት ሙከራ የሚሆን የመዳብ ሽቦ፣ ጥቂት ባትሪና አምፖል መግዛት ከወረዳ በጀት በላይ አይደለም። በእጅ የተሠራ ሙከራ ከዓመቱ ውጤት ላይ የተወሰነ ነጥብ ይኑረው፤ ነጥብ የሌለው ነገር በትምህርት ቤቶቻችን ጊዜ አይሰጠውምና። ባለ ካቻቢቴውን የመሰለ ልጅ መዝገቡ ፊት ከመቆሙ በፊት አንድ ሰው፣ የፊዚክስ መምህሩ ቢሆን ይመረጣል፣ የሚጠግነውን ስልክ ይዞ እንዲመጣ ጠይቆት፣ በውስጡ ያለውን በትምህርቱ ስም እየጠራ ያሳየው። በሥራ ላይ የተሰበረ ብልቃጥም ከመምህሩ ደመወዝ መቆረጡ ቀርቶ፣ የማስተማሪያ ወጪ ተብሎ ከመዝገብ ይሠረዝ። ይህች የመጨረሻይቱ ነገር አዲስ ገንዘብ አትጠይቅም፤ ከትምህርት ቢሮው የምትወጣ አንዲት ደብዳቤ ትበቃታለች።